«በ1950 ኢራቅ አይሁዶቿን አባረረች፣ ንብረታቸውንም ወረሰች» ተብሎ ቢጻፍ ልክ ነው?

የናታንያው አራሚ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ለወጣቶች የሚታደል አጭር የአማርኛ ጽሑፍ እያረምኩ ነው። የሚያወራው በ1940ዎቹ፣ በ50ዎቹና በ60ዎቹ (ሁሉም እ.ኤ.አ.) ከአረብ አገሮች ስለወጡት አይሁዶች ነው። አራት ዓረፍተ ነገሮች ላይ ቆሜያለሁ። እንዳሉ ልገልብጣቸው፦

«በ1950 ኢራቅ አንድ ሕግ አውጥታ አይሁዶቿን አባረረች፣ በዚያው ሕግም ንብረታቸውን ወረሰች።»

«የየመንን አይሁዶች ያመላለሱትን አውሮፕላኖች ኢትዮጵያ አስመራ ላይ አስተናግዳለች።»

«የሞሮኮዎቹም በዚያው ሰሞን በአውሮፕላን ተጓጓዙ።»

«በጠቅላላው 850 ሺ አይሁዶች ወደ እስራኤል ገቡ።»

የትኛው ይቅር፣ የትኛው ይስተካከል? ሌላው ደግሞ ቃሉ ነው። ጸሐፊው አንዴ «ስደት»፣ አንዴ «መባረር»፣ አንዴ «ዓሊያ» (በዕብራይስጥ ወደ እስራኤል መውጣት) ይላል። አንዱን ብቻ ልያዝ ወይስ? ከኢራቅ ሲወጡ ምን ያህል ዕቃና ገንዘብ ይዘው እንደወጡም በቁጥር ብታስቀምጡልኝ ደስ ይለኛል።

መዝገብ ቤት

ወንድሜ፣ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ሁለት ሕጎችን አንድ ላይ ሰፍቷቸዋል። በመካከላቸው አንድ ዓመት ከአንድ ቀን አለ። ነገሩ ሁሉ ያለው ደግሞ እዚያች አንድ ዓመት ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው የ1950 ሕግ ቁጥር 1 ሲሆን የታወጀው ማርች 9 ቀን 1950 ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ተውፊቅ አል-ሱወይዲ ነበሩ። ሕጉ ውስጥ «ይባረሩ» የሚል ቃል የለም። የሚለው ባጭሩ ይህ ነው፦ አንድ ኢራቃዊ አይሁዳዊ በገዛ ፈቃዱ አገሩን ለዘለቄታው ለቆ ለመሄድ ከፈለገ፣ አገር ግዛት ሚኒስቴር በመደበው ሹም ፊት አንድ ልዩ ቅጽ ይፈርማል፣ ከዚያ የሚኒስትሮች ምክር ቤት ዜግነቱን ሊሰርዝ ይችላል። ተደብቆ የወጣ ወይም ሊወጣ የሞከረ ሰውም ዜግነቱን ያጣል። ዜግነቱ የተሰረዘበትን ሰው ሚኒስቴሩ ከአገር ያስወጣዋል። ሕጉ የሚጸናው ለአንድ ዓመት ብቻ ነው፤ ንጉሡ ኢራዳ (ንጉሣዊ ትእዛዝ) አውጥተው ከዚያ በፊት ሊያስቆሙትም ይችሉ ነበር።

ይህን ሕግ ያስወጣው በደቡብ በኩል ወደ ኢራን የሚደረገው የድብቅ ጉዞ ነው። በየሌሊቱ ሰዎች እየተሻገሩ፣ ገንዘብም አብሮ እየሸሸ ነበር። መንግሥት «በሩን ብንከፍት የሚሄዱት ጥቂት ሺ ችግረኞችና ወጣቶች ናቸው፤ ባለሀብቱ ይቀራል» ብሎ ገመተ። ዓመቱ ሲያልቅ የተመዘገበው ከ100 ሺ በላይ ሆነ። በ1948 በኢራቅ የነበሩት አይሁዶች ጠቅላላ ቁጥር 135 ሺ ገደማ ነው፤ አስቡት።

«በገዛ ፈቃዱ» የሚለውን ቃል እንዳለ አምናችሁ አትለፉት። ከኋላው የ1941ዱ ፋርሁድ አለ። ባግዳድ ውስጥ በሁለት ቀን ሰው የታረደበት፣ ቤትና ሱቅ የተዘረፈበት ነው፤ ለሟቾቹ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ቁጥር ወደ 180 ይጠጋል። ከዚያ በ1948 ክረምት ጽዮናዊነት እንደ ኮሚኒዝም የወንጀል ሕጉ ውስጥ ገባ። በሴፕቴምበር 23 ቀን 1948 ባስራ ላይ ሻፊቅ ዓደስ የሚባል ትልቅ ነጋዴ በራሱ ቤት ደጃፍ ተሰቀለ። እሱ በፖለቲካ የማይታወቅ፣ ከሹማምንት ጋር ማዕድ የሚቆርስ ሰው ስለነበር «እሱ ካልዳነ ማን ይድናል?» የሚለው ጥያቄ በየቤቱ ገባ። ከመንግሥት ሥራ መባረሩ፣ ለነጋዴ የውጭ ንግድ ፈቃድ መከልከሉ በዚያ ላይ ተጨመረ። ስለዚህ ጽሑፉ «ዜግነታቸውን በፊርማ እንዲለቁ የሚፈቅድ ሕግ» ካለ በኋላ፣ ያን ፊርማ ምን እንደገፋው አንድ አንቀጽ ይስጥበት።

የኢራቅ አይሁዶች ራሳቸው ያን ጊዜ «ታስቂት» ይሉታል። ትርጉሙ «ማስጣል፣ መሰረዝ» ነው፤ ዜግነትን ማስጣል ማለታቸው ነው። ዘመን መቁጠሪያም ሆኗል፤ «ከታስቂት በፊት»፣ «በታስቂት ጊዜ» ይባላል። ጽሑፉ ውስጥ ቢገባ ጥሩ ነው።

አካሄዱ እንዲህ ነበር። ምዝገባው የሚካሄደው ምኩራብ ውስጥ ነው። ባግዳድ ላይ የታወቀው ጣቢያ የመኢር ጠወይግ ምኩራብ ሲሆን የፖሊስ ሹሞች ጠረጴዛ ዘርግተው ይቀመጣሉ፣ የማኅበረሰቡ ወጣቶች ደግሞ ቅጹን ይሞላሉ። የተፈረመው ቅጽ ወደ ምክር ቤት ይሄድና የተሰረዙት ሰዎች ስም ዝርዝር ሆኖ ይመለሳል። ከዚያ በኋላ በእጅ የሚቀረው ለአንድ ጊዜ መውጫ ብቻ የሚሠራ የይለፍ ወረቀት ነው። ከዚያ የአውሮፕላን ተራ መጠበቅ ነው። ተራው የደረሰው ቤተሰብ ሻንጣውን ይዞ መስዑዳ ሸም ጦብ ምኩራብ ይሰበሰባል፣ ከዚያም ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ይወሰዳል።

የሚፈቀደው ገንዘብ ለአንድ አዋቂ 50 ዲናር ነው፤ በጊዜው ምንዛሪ 140 ዶላር ገደማ። ለልጆች ከዚያ ያንሳል። ሻንጣ 30 ኪሎ ገደማ። ጌጣጌጥ ክልክል ነው። ጉምሩኩ ላይ ሻንጣ እስከ ታች ይገለበጣል፤ ቀለበትና የወርቅ አምባር ከእጅ ላይ ሳይቀር ይወሰዳል።

ሁለተኛው ሕግ የ1951 ቁጥር 5 ነው፣ ማርች 10 ቀን 1951። የምዝገባው ዓመት በተዘጋ ማግስት ማለት ነው። ቀኑ ቅዳሜ ነበር፣ ሰንበታቸው። አሁን ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኑሪ አል-ሰዒድ ናቸው። ሕጉ ዜግነታቸው የተሰረዘባቸውን አይሁዶች ንብረት ሁሉ አግዶ በአንድ የመንግሥት ባለአደራ እጅ አስገባው። ገንዘብ እንዳይወጣ ባንኮች ተዘጉ፤ ሱቆችና መጋዘኖች ታሸጉ። እስከዚያ ቀን ድረስ የወጣው ወደ 35 ሺ የሚጠጋ ሰው ብቻ ነው። ቀሪው 70 ሺ ገደማ ፈርሞ፣ ዜግነቱን አጥቶ፣ አውሮፕላን እየጠበቀ ነበር። በአንድ ቀን ባዶ እጁን ቀረ። ማርች 22 ደግሞ ሕግ ቁጥር 12 ተጨመረ። እሱ በፓስፖርት ሕጋዊ ሆነው ውጭ አገር ያሉትንም በተሰጣቸው ጊዜ ካልተመለሱ እዚያው ውስጥ የሚከት ነው።

አንድ የቋንቋ ነገር። «ወረሰች» የሚለው ቃል ለእኛ አንባቢ በቀጥታ የ1967ቱን (ዓ.ም.) የትርፍ ቤት አዋጅ ነው የሚያስታውሰው፤ ባለቤትነቱ በዕለቱ ወደ መንግሥት የዞረበትን። የኢራቁ በወረቀት «እገዳ» ነው፤ ንብረቱ በስማቸው እንዳለ ሆኖ በባለአደራ እጅ ይገባል። ባለቤቱ መልሶ አላየውም፤ በተግባር ያው ነው። ታሪክ ሲጻፍ ግን «አገደች» ማለት ይሻላል። ምክንያቱም ከዘጠኝ ቀን በኋላ፣ ማርች 19፣ የእስራኤል የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሞሼ ሻሬት ክኔሴት (የእስራኤል ምክር ቤት) ላይ «ሒሳብ አለን» ያለው ይህን እገዳ ይዞ ነው። ለፍልስጥኤማውያን ስደተኞች ንብረት ካሳ ሲታሰብ የኢራቅ አይሁዶች ንብረት ይታሰባል ማለቱ ነበር። ብዙ የኢራቅ ተወላጆች እስከ ዛሬ የሚያማርሩት ይህን ነው፤ የግል ንብረታቸው የሁለት መንግሥታት መቻቻያ ሆነ።

ቀይ ባሕር

የአስመራው ዓረፍተ ነገር ግማሹ እውነት ነው። አውሮፕላኖቹ አስመራ ላይ ያርፉ ነበር። ግን «ኢትዮጵያ አስተናግዳለች» ይሰረዝ። በ1949 ኤርትራ በእንግሊዝ አስተዳደር ሥር ናት፤ ፌዴሬሽኑ የመጣው በሴፕቴምበር 1952 ነው። ኤደንም የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ናት። ስለዚህ ፈቃዱ በሁለቱም ጫፍ የእንግሊዝ ነው።

የበረራው ዙር እንዲህ ነበር። ጠዋት ከአስመራ ባዶውን ተነሥቶ ኤደን ይወርዳል። እዚያ ነዳጅ ይሞላል፣ ሰው ይጭናል። ከዚያ በቀይ ባሕር ላይ፣ ቀጥሎም በአቃባ ባሕረ ሰላጤ አድርጎ እስራኤል ይገባል። ሰው ካራገፈ በኋላ እዚያ አያድርም፤ ቆጵሮስ ሄዶ ያድራል። ጦርነቱ ገና መቆሙ ስለነበር አውሮፕላኑን እስራኤል ውስጥ ማሳደር በቦምብ መመታትን ማስከተሉ ያሰጋ ነበር። መንገዱ ከ2 ሺ ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በግራም በቀኝም ማረፍ የማይቻልበት አገር ነው። ሞተር ቢያስቸግር መመለስ ወይም እንደምንም መድረስ እንጂ ሌላ ምርጫ አልነበረም። ለዚህ ነው ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ የተገጠመው።

አውሮፕላኖቹ በአብዛኛው ዲሲ 4 እና ሲ 46 ናቸው፤ ሥራውን የጀመረው አላስካ አየር መንገድ ነው፣ ኋላ ኒር ኢስት ኤር ትራንስፖርት ተረከበው። 50 ሰው ገደማ ለመጫን የተሠራውን ዲሲ 4 ወንበሩን ነቅለው የእንጨት አግዳሚ ገጠሙበትና ከ100 በላይ ሰው ጫኑበት። ክብደቱ እንዴት ቻለ ለሚል፦ ተሳፋሪዎቹ በረሀብና በእግር ጉዞ የከሱ ሰዎች ናቸው፣ ሻንጣቸውም ከጥቅል ልብስ አያልፍም። በ1983 (ዓ.ም.) ግንቦት በዘመቻ ሰሎሞን ወንበር የተነቀለለት አውሮፕላን ውስጥ ወለል ላይ የተቀመጠ ሰው ይህን ሲያነብ አይገረምም።

የበረራዎቹ ቁጥር 380 ገደማ ነው፣ ሰው ደግሞ ከ1949 እኩሌታ እስከ ሴፕቴምበር 1950 ወደ 49 ሺ። ስሙ «በንስር ክንፍ» ነው፤ ከዘጸአት 19፥4 የተወሰደ። «ምትሐታዊ ምንጣፍ» የጋዜጠኞች ስም ነው፣ ብዙ የየመን ተወላጆች አይወዱትም።

ጽሑፋችሁ አውሮፕላኑ ላይ ብዙ አይቆይ። ከባዱ ነገር ያለው ከኤደን በፊት ነው። የየመኑ ገዥ ኢማም አሕመድ በ1949 ይሂዱ ሲል ሁለት ነገር ተጠየቁ፦ ንብረታቸውን እንዲሸጡና ሙያቸውን ለሙስሊም ጎረቤት እንዲያስተምሩ። አንጥረኛው፣ ወርቅ ሠሪው፣ ሸማኔው፣ ሸክላ ሠሪው በብዛት አይሁድ ስለነበረ ሲሄድ ገበያው ባዶ ሊቀር ነው። ከዚያ ከሰንዓና ከሰሜኑ መንደሮች ወደ ኤደን ድረስ በእግርና በአህያ ነው። በመንገድ ያሉት ሡልጣኖችና ሼኮች በየድንበራቸው በነፍስ ወከፍ ቀረጥ ይቀበላሉ፤ ከቤት ሲነሣ የያዘው ገንዘብ ኤደን ሳይደርስ ያልቃል። ኤደን አጠገብ የነበረው የሐሺድ ካምፕ ለጥቂት ሰው የተዘጋጀ ነው። በ1949 መኸር ላይ ከ10 ሺ በላይ ሰው ገባበት። አሸዋ ላይ ድንኳን፣ ወባ፣ የዓይን በሽታ። ወጪውን የሚሸፍነው ጆይንት የሚባለው የአሜሪካ አይሁዶች የእርዳታ ድርጅት ነበር።

የመጻሕፍቱም ነገር አይረሳ። ለአውሮፕላኑ ክብደት ሲባል የእጅ ጽሑፎችና የኦሪት ጥቅልሎች «በመርከብ ይከተሏችኋል» ተብለው ከባለቤቶቹ ተለዩ። ብዙዎቹ ከባለቤቶቹ እጅ አልተመለሱም። ከልጆቹ ጉዳይ ጋር (በካምፖችና በሆስፒታሎች «ሞቱ» ተብለው መቃብራቸው ያልታየ ሕፃናት) የየመኖች ቂም በእነዚህ በሁለቱ ላይ ነው። በልጆቹ ላይ ከ1960ዎቹ እስከ 2001 ድረስ ሦስት አጣሪ ኮሚሽኖች ተቀምጠዋል፤ በ2021 የእስራኤል መንግሥት ጸጸቱን ገልጾ ለቤተሰቦቹ ካሳ ወሰነ።

የናታንያው አራሚ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። መዝገብ ቤት፣ አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ከ100 ሺ በላይ ሰው ከፈረመ፣ በረራም በሜይ 1950 ከተጀመረ፣ በአሥር ወር ውስጥ 35 ሺ ብቻ ለምን ወጣ? የሚያዘገየው ማን ነበር? ጽሑፉ «የኢራቅ መንግሥት አዘገያቸው» ይላል።

ደግሞ ቦምቦቹን በተመለከተ ምን ልጻፍ? አንዱ እንዲህ ይላል፣ ሌላው እንዲያ።

መዝገብ ቤት

የዘገየው በአብዛኛው በእስራኤል በኩል ነው። ሶኽኑት (የአይሁድ ኤጀንሲ) በወር የሚቀበለውን ሰው በኮታ ይወስን ነበር። በዚያው ጊዜ ሮማኒያና ፖላንድ በራቸውን ከፍተው ነበርና «እነዚያ ዛሬ ይከፍታሉ ነገ ይዘጋሉ፤ ኢራቅ ግን ሕጉ ዓመት አለው» በሚል ቅድሚያው ወደ አውሮፓ ሄደ። ማረፊያም አልነበረም፤ ሃይፋ አጠገብ የነበረው የመቀበያ ካምፕ ሻዓር ሃዓሊያ ሞልቶ ነበር፣ ማዓባሮቶቹ (የስደተኞች ጊዜያዊ ሰፈሮች) ገና ድንኳን ናቸው።

የኢራቅ መንግሥት የተቆጣው ዘግይቶ ነው፣ እሱም በሌላ ምክንያት። ዜግነት የሌለው፣ ሥራውን የለቀቀ፣ ሱቁን የሸጠ 70 ሺ ሰው ከተማ ውስጥ ተቀምጧል። ኑሪ አል-ሰዒድ «ካልወሰዳችኋቸው ድንበር ላይ አራግፋቸዋለሁ» እስከማለት ደረሰ። ከዚያ በኋላ ነው በረራው የበዛው። እስከዚያ ድረስ የኢራቅ አውሮፕላን በቀጥታ እስራኤል አይሄድም ለማለት ኒቆስያ ይወርድ ነበር፤ በ1951 መጀመሪያ ላይ ይህ ማስመሰል ቀርቶ በቀጥታ ሎድ፣ የእስራኤል አውሮፕላን ማረፊያ፣ መግባት ተጀመረ። በ1951 ክረምት ዋናው ሥራ አለቀ። በጠቅላላው የወጣው ከ120 ሺ በላይ ነው፤ ኢራቅ የቀረው 6 ሺ ገደማ።

አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ጸሐፊዎች ይዘሉታል። በኢራቅ በኩል የጉዞ ወኪል የሆነው «ኢራቅ ቱርስ» የሚባል ድርጅት ነው፤ የቦርዱ ሊቀ መንበር ደግሞ ያው ሕጉን ያወጡት ተውፊቅ አል-ሱወይዲ ናቸው። ለየሰዉ ትኬት የሚከፈለው ለዚህ ድርጅትና ለኒር ኢስት ኤር ትራንስፖርት ነው። በረራውን ሁሉም የሚፈልገው በየራሱ ምክንያት ነበር።

በዚያ ዓመት ችግሩ የሚጀምረው ከፊርማው ነው። የፈረመ ሰው ሥራውን ያጣል፣ ብድር አያገኝም፣ ዕቃውን ይሸጣል። ሺዎች በአንድ ወር ሲሸጡ የአልጋና የስፌት መኪና ዋጋ ይወድቃል። የሸጠበትን ገንዘብ 50 ዲናር ብቻ ስለሚፈቀድለት ባንክ ያስቀምጠዋል ወይም ለጎረቤት ያቆየዋል። ማርች 10 ላይ የባንኩ ታገደ። ያልፈረመ ታላቅ ወንድም ያለው ቤተሰብ ንብረቱን በእሱ ስም አዙሮ ከሆነ የተወሰነው ተረፈለት፤ ዜግነቱ ያለውን ሕግ ቁጥር 5 አይነካውምና። የፈረሙት ሁሉም ከሆኑ ምንም አልተረፈም።

ስለ ቦምቦቹ፦ በኤፕሪል 8 ቀን 1950፣ በፋሲካ በዓል መጨረሻ፣ አቡ ኑዋስ መንገድ ላይ ቦምብ ተወረወረ። ጃንዋሪ 14 ቀን 1951 ደግሞ መስዑዳ ሸም ጦብ ምኩራብ ላይ፣ ተጓዦች በተሰበሰቡበት፤ ሰው ሞተ። የኢራቅ ፍርድ ቤት የጽዮናውያን የድብቅ ድርጅት አባላትን ጥፋተኛ አላቸው፤ ዮሴፍ ባስሪና ሻሎም ሳሊሕ በጃንዋሪ 1952 ተሰቀሉ። እስራኤል ክሱን አልተቀበለችም። የታሪክ ሰዎች እስከ ዛሬ ይከራከሩበታል።

አንጓ

ይህማ ግልጽ አይደለም? ሰው እንዲሸሽ ያደረገው ቦምቡ ነው። ቦምቡን የጣለው ደግሞ ለመውሰድ የፈለገው ወገን ነው። ለምን ትሸፋፍናላችሁ?

መዝገብ ቤት

አንጓ፣ ማን ጣለው የሚለውን ለጊዜው ተወውና ቀኑን ብቻ ቁጠር። የምኩራቡ ቦምብ ጃንዋሪ 14 ቀን 1951 ነው። ያን ቀን የተመዘገበው ሰው ቀድሞ ከ80 ሺ አልፏል። ሊወጡ ሻንጣቸውን ይዘው ምኩራብ ግቢ የቆሙ ሰዎችን «እንዲመዘገቡ» ማስፈራራት ምን ይጠቅማል? የኤፕሪሉ ላይ ግን ክርክርህ ቦታ አለው፤ ከዚያ በኋላ ምዝገባው ጨምሯልና። ያውም በዚያው ሰሞን የጽዮናውያኑ የድብቅ ድርጅት «ተመዝገቡ» የሚል ቃል ስላስተላለፈ ሁለቱን መለየት ከባድ ነው። ለወጣቶች ጽሑፍ፦ «ቦምቦቹን ማን እንደጣለ ያከራክራል፤ ፍርድ ቤቱ እንዲህ አለ፣ እስራኤል እንዲህ አለች» ተብሎ በሁለት መስመር ይለቅ። ዓረፍተ ነገሩን ወደ አንድ ወገን ከጎተታችሁት ጽሑፋችሁ ክርክር ላይ ይወድቃል፣ ልጆቹም ታስቂትን ትተው ቦምቡን ብቻ ይዘው ይሄዳሉ።

ዋንዛ

ሦስተኛውንና አራተኛውን እኔ ልያዝ።

ሞሮኮ «በዚያው ሰሞን» አይደለም። በጁን 1948 ኡጅዳና ጀራዳ ላይ 44 ሰው ተገድሏል፤ ከዚያ በኋላ መውጣት ተጀመረ። ፈረንሳይ እስካለች ድረስ ካዲማ በሚባል የጉዞ አስተናባሪ ቢሮ በኩል ይኬድ ነበር። ከ1951 መጨረሻ ጀምሮ ግን እስራኤል የራሷን «ሴሌክጽያ» (መምረጥ) አመጣች፦ በሽተኛ፣ ሽማግሌና ሠሪ እጅ የሌለው ቤተሰብ ወደ ኋላ ይቆይ። እናትና አባትን ትቶ ልጆችን ብቻ መላክ የተለመደው ያኔ ነው። እዚህ እስራኤል ቤተሰቡ ጎንደር ወይም አዲስ አበባ ቀርቶበት የሚጠብቅ ሰው ይህን ቃል ሲሰማ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ሞሮኮ በ1956 ነጻ ስትወጣ በሩ ተዘጋ። ከዚያ ድብቅ ጉዞ ነው። በጃንዋሪ 1961 «ኤጎዝ» የምትባል ትንሽ ጀልባ ከሰሜን ሞሮኮ ወደ ጅብራልታር ስትሄድ ሰጠመች፤ ከ40 በላይ ስደተኞች አለቁ። በሚቀጥለው ወር ንጉሥ መሐመድ 5ኛ ሞቱ፣ ሐሰን 2ኛ ተተኩ። በ1961 በድብቅ ስምምነት ተደረሰ፤ መጀመሪያ ግማሽ ሚሊዮን ዶላር፣ ከዚያ ለአንድ ሰው 100 ዶላር፣ የመጀመሪያው 50 ሺ ሰው ካለፈ በኋላ 250 ዶላር። ወረቀቱ በየሰዉ ፓስፖርት ሳይሆን ብዙ ቤተሰብ ባንድ ላይ የሚሰፍርበት የጋራ ፓስፖርት ነው። ከፊት የቆመው ሃያስ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት ነው፣ እስራኤል ከኋላ። ስሙ ዘመቻ ያኺን፤ እስከ 1964 ወደ 90 ሺ ሰው ወጣ። ብዙው ከካዛብላንካ በመርከብ ወደ ማርሴይ ነው፣ በአውሮፕላንም የወጣ አለ። እኛ ለዘመቻ ሰሎሞን «35 ሚሊዮን ዶላር» ተከፈለ የሚለውን የ1983ቱን (ዓ.ም.) ወሬ እናውቃለን፤ በሰው ልክ መክፈል በእኛ አልተጀመረም።

850 ሺው፦ ይህ ቁጥር ከ1948 ጀምሮ በሃያ ምናምን ዓመት ከአረብ አገሮች የወጡት ድምር ነው፤ ሁሉም እስራኤል ገቡ ማለት አይደለም። ወደ እስራኤል የገባው 600 ሺ ገደማ ነው። የቀረው ፈረንሳይ፣ ካናዳ፣ አሜሪካ፣ ደቡብ አሜሪካ ነው። የአልጄሪያን ብቻ ውሰዱ፦ 140 ሺ ገደማ ሰው፣ በክሬምዩ አዋጅ ከ1870 ጀምሮ የፈረንሳይ ዜጋ ሆኖ የኖረ፣ በ1962 ከሌሎቹ ፈረንሳውያን ጋር ባንድ መርከብ ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ሌላው ስሕተት ኢራንን እዚህ መደመር ነው። ኢራን አረብ አይደለችም፤ ከተደመረች ርዕሱን «ከአረብ አገሮችና ከኢራን» በሉት።

ስለ ቃሉ፦ አንድ ቃል አይበቃም፣ እንደ አገሩ ይቀያየር። የየመኑን «ዓሊያ» ብትሉት አይከፋም፤ ራሳቸው እንደዚያ ነው የሚሉት። ግብፅ 1956 «መባረር» ነው። ከስዊዝ ጦርነት በኋላ ትእዛዝ ደርሷቸው በጥቂት ቀን የወጡ፣ አንድ ሻንጣና 20 የግብፅ ፓውንድ ይዘው፣ ፓስፖርታቸው ላይ «የማይመለስ» የሚል ማኅተም የተመታባቸው፣ ከመውጣታቸው በፊት «መብቴን ትቻለሁ» ብለው እንዲፈርሙ የተደረጉ አሉ። ብዙዎቹ ቀድሞም የግብፅ ዜግነት አልተሰጣቸውም ነበር። ከ1956 መጨረሻ ጀምሮ በወራት ውስጥ 25 ሺ ገደማ ወጣ። የኢራቁን «ዜግነት ለቅቆ መውጣት» በሉት፣ ወይም እንዳለ «ታስቂት»። አልጄሪያ «ፍልሰት»። «ስደት» ለሁሉም ይሆናል፣ ስለዚህ ርዕሱ ላይ እሱን አድርጉት።

ባሕረ ሐሳብ

ማንም ያላነሳው የቀን ነገር አለ። ረቂቁ እ.ኤ.አ. እና ዓ.ም. እያደባለቀ ከሆነ ልጁ «1942 ባግዳድ» ሲያነብ ወደ ፋርሁድ ይወስደዋል፤ የዜግነት ሕጉ የወጣበት ዓመት ግን በእኛ 1942 ነው። ቀኖቹን ልስጣችሁ። ፋርሁድ ጁን 1 እና 2፣ 1941 ነው፤ በእኛ ግንቦት 24 እና 25፣ 1933። ሕግ ቁጥር 1፣ የካቲት 30 ቀን 1942። የመስዑዳ ሸም ጦብ ቦምብ ጥር 6 ቀን 1943። ሕግ ቁጥር 5፣ መጋቢት 1 ቀን 1943። አንድ ቦታ በጥንድ ጻፉትና ከዚያ በኋላ በአንዱ ብቻ ቀጥሉ። ለእስራኤል ልጆች የፈረንጁ ይሻላቸዋል፤ አያቶች ካነበቡት ግን የእኛው ነው የሚገባቸው።

የናታንያው አራሚ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የመጀመሪያውን እንዲህ ቀየርኩት፦

«በማርች 1950 ኢራቅ መውጣት የሚፈልግ አይሁዳዊ ዜግነቱን ፈርሞ እንዲለቅ የሚፈቅድ ሕግ አወጣች። በአንድ ዓመት ውስጥ ከ100 ሺ በላይ ሰው ፈረመ። በማርች 10 ቀን 1951 ሁለተኛ ሕግ አውጥታ አውሮፕላን የሚጠብቁትን ሰዎች ንብረት አገደች።»

የታስቂትን ወረቀት ምስል ማግኘት ቢቻል ደግሞ ሽፋኑ ላይ ላደርገው ነበር።

መዝገብ ቤት

ጥሩ ሆኗል፣ አንድ ቦታ ብቻ፦ «አውሮፕላን የሚጠብቁትን» ብቻ አትበል። ቀድሞ የወጡትም 35 ሺ ዜግነታቸው የተሰረዘ ነውና ባንክ የተዉት ሁሉ አብሮ ታግዷል። «የወጡትንም የሚጠብቁትንም» በለው።

ለምስሉ፦ ኦር ይሁዳ ያለውን የባቢሎን አይሁዶች ቅርስ ማዕከል ጠይቅ፤ የይለፍ ወረቀቶችና ፎቶዎች አሏቸው። ሌላው «የኢራቅ አይሁዶች መዝገብ» የሚባለው ነው። በሜይ 2003 ባግዳድ ውስጥ በስለላ መሥሪያ ቤቱ ምድር ቤት ውኃ ውስጥ ተዘፍቆ ተገኘ። ሻጋታው እንዳይዛመት በበረዶ አቀዝቅዘው ወደ አሜሪካ ወሰዱት፤ 2,700 ገደማ መጻሕፍትና በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰነድ አለበት። ገጾቹ ተነሥተው ኢንተርኔት ላይ አሉ። እዚያ የምታገኘው በአብዛኛው የማኅበረሰቡ ደብዳቤና የትምህርት ቤት መዝገብ ነው። የቤተሰብ ስም ስትፈልግ በአረብኛ ፊደል ሞክር፤ በላቲን ፊደል አንዱ ስም ሦስት አራት ዓይነት ሆኖ ስለሚጻፍ ያመልጥሃል።